ከሥር ያለው ሰው

መኪና ሲበላሽ ሁሉም ሰው መካኒክ ነው፤ አምቦ ላይ ሲበላሽ ደግሞ ሁሉም ሰው ዋና መካኒክ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎሚስታ፣ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች፣ ጋሪውን ጥግ አስይዞ የወረደ ጎረምሳ፣ ከገበያ የሚመለሱ አባወራና አንድ ጡረተኛ መምህር ይሰበሰባሉ። «ፖምፓው ነው» ይላል አንዱ። «ምን ፖምፓ! ጓርኒሲዮን ነው የበላችው፤ ጭሷን አታየውም?» ይላል ሌላው። መምህሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ለመሆኑ ነዳጅ አላት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄዋ ጉባኤውን ታስቆጣለች፤ ከሁሉም ሐሳብ ለእውነት የምትቀርበው ግን ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግሮች ይታያሉ። የእግሮቹ ባለቤት ሐሳብ አይሰጥም። አልፎ አልፎ በዘይት የጠቆረ እጅ ብቅ ይልና «አሥራ አራት ቁልፍ» የሚል ድምፅ ይከተለዋል። ጉባኤተኛው ቁልፍ ለማቀበል ይሻማል፤ አሥራ ሦስት ያቀብለዋል።

ይህ ከሥር ያለው ሰው ከጥንትም አልታደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ መኪና ሲያስገባ፣ አምጪው ታሪክ ውስጥ ገባ፤ መኪናዋም ገባች፤ የተሳፈሩባት አፄ ምኒልክማ ቀድሞውንም ታሪክ ውስጥ ነበሩ። በዚያ ድንጋይና አሸዋ ላይ መኪናዋን እየፈታ እየገጠመ አብሮ የመጣውን መካኒክ ግን ማን ያነሳዋል? ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣት፣ በእንፋሎት የምትሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበረች። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያላት እሷን ነው። መንገድ ልትሠራ የመጣች ማሽን፣ መንገድ ስላልነበረ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተች አዲስ አበባ ገባች። በዚያ ዘመን ምኒልክ ከጓጉላቸው መንገዶች አንዱ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው፣ ዛሬ የአምቦ መንገድ የምንለው ነበር። እናም በዚህ አቅጣጫ ማሽን መግፋት የቅድመ አያት ልማድ ነው። ዛሬም ግንጪ ላይ «ኧረ ግፉ!» ሲባል የማይወርድ መንገደኛ የለም፤ ለጫማው የሚሳሳው እንኳ እጁን ለስሙ ያስደግፋል።

ከሥር ካሉት ሰዎች አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። ወደዚህ ሙያ የገባው እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች በአሥረኛ ክፍል ውጤት በኩል ነው። ውጤቱ መሰናዶ አላስገባ ሲለው ቴክኒክና ሙያ ተመደበ፤ አውቶሞቲቭ። አባቱ በዚያ ሰሞን ከሰው ተሰወሩ። በኋላ አንድ ጎረቤት መንገድ ላይ አግኝቶ ሲጠይቃቸው «ምሕንድስና ነው፤ በተግባር የሚሰጠው» አሉ። ልጁ ሌቭሉን እየቆጠረ ወጣ፤ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈተነ። ፈተናው ላይ የቀረበለት ሞተር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ቀለም የተቀባ፣ ዘይት ነክቶት የማያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሞተር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም ይላል።

እውነተኛው ትምህርት ቤቱ ግን በቆርቆሮ የታጠረው የማስተሩ ጋራዥ ነው። አምቦ ውስጥ ማስተር ማለት ዲግሪ አይደለም፤ ሌላው መካኒክ «እኔ አልቻልኩም» ብሎ የሚልክበት ሰው ነው። ማስተሩ ተለማማጅ ሲቀበል የሚያስተምረው ነገር የለም። ልጁ ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፤ ቡና ያመጣል፤ ባትሪ ያበራል። ባትሪ ማብራት ራሱ ሙያ ነው፤ ብርሃኑ መሆን ያለበት ማስተሩ የሚያይበት ሳይሆን ከደቂቃ በኋላ የሚያይበት ላይ ነው። ቁልፍ ሲይዝ ከተሳሳተ ማስተሩ ከእጁ ይነጥቀዋል። ይህ ትምህርቱ ነው። መንጠቅ ያቆመ ቀን ተመርቋል፤ ጋዋንም ኬክም የለም።

ማስተሩ አንድ ረጅም ካቻቢቴ አለው። ጫፏን ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ ጋራዡ ጸጥ ይላል፤ ባለመኪናው እንኳ ስለ ሂሳቡ ማሰቡን ያቆማል። ከዚያ «ሁለተኛዋ ናት» ወይም «ኩሽኔታ ነው» ይላል። እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ «ነገረችኝ» ከማለት በቀር ማብራሪያ የለውም። የሚያውቀውን ያህል ስለማይናገር፣ የሚናገረው ሁሉ ይታመናል፤ «ቦሩ ኮቱ» ከሚለው በቀር። ነገ ና ሲል ነገ ማለቱ እንዳልሆነ ከጀልዱ ድንች ጭኖ የሚመጣው የአይሱዙ ሹፌርም፣ ከጉደር ሽንኩርት የሚያወርደውም ያውቃል። ቢሆንም በነጋታው ይመጣል። ካልመጣማ መኪናዋ ተረስታ ሰፈር ውስጥ ዶሮ ታድርባታለች።

የማስተሩ ደንበኞች የራሳቸው ሕክምና አላቸው። አንዱ የጌዶን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ፈልቶበት፣ ሌላ ውሃ በአቅራቢያው ስላጣ፣ ያለውን የአምቦ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ገልብጦ መጣ። «ሆድ የሚያፀዳ ራዲያተር አያፀዳም?» ባይ ነው። ማስተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ንግግር አደረገ፤ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ሲፈላ ነጭ ኖራ ሆኖ ቱቦውን እንደሚደፍነው፣ ጋዙም ክዳኑን ሊያፈናጥር እንደሚችል አስረዳ። ሰውዬው በጥሞና ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ የኛን ቱቦ ለምን አይደፍነውም?» አለው። ማስተሩ ተመልሶ ወደ ሥር ገባ።

ልጁ ከዚህ ጋራዥ ወጥቶ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ መኪና አስመጪ ዘንድ መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ። ዜናው ወደ ቤት የመጣው በአባዱላ ሚኒባስ ነው፤ በየከተማው እየወረደ እየተሳፈረ። ሆለታ ሲደርስ «መኪና አስመጪ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ» የሚል ነበር። አዲስ ዓለም ላይ «ከመኪና አስመጪ ጋር ነው የሚሠራው» ሆነ። ግንጪ ላይ «ከአስመጪው ጋር ነው» ብቻ ቀረ። አምቦ ሲገባ ልጁ መኪና አስመጪ ሆኖ ነበር። ጉደር ላይማ ለአባቱ አንዷን ሊልክ ነው ተባለ። አባቱ አላረሙም፤ ለማረም ደግሞ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። የሚያስቸኩለው የመጣው ሽማግሌ ሲላክ ነው። የልጅቷ አባት «ሥራው ምንድነው?» ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «መኪና አስመጪ ነው» አሉ። ልጅቷ ተሰጠች። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራው በአማቹ ደጅ የአማቹን አሮጌ ላንድሮቨር ፈትቶ ሲገጥም የልጅቷ አባት ረጅም ጊዜ ቆመው ካዩት በኋላ «አስመጪ መካኒክ ከሆነስ ይሻላል» አሉ፤ ላንድሮቨሩ ተነሥቶላቸው ነበር።

አስመጪው ዘንድ የመጀመሪያው ቀን ልጁ ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረውም። ወለሉ ነጭ ነው። ሊፍቱ ቁልፍ ሲነካ መኪናዋን እስከ ራስ በላይ ያነሣታል፤ መተኛት የለም፤ ቆመህ ነው የምትሠራው። ቱታው ላይ ስሙ ተጠልፏል። በር ላይ ደግሞ ደንበኛ እንዳይገባ ተጽፏል። ደንበኛው መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ማኪያቶ እየጠጣ ቴሌቪዥን ያያል፤ ስለ መኪናው የሚያናግረው ክራባት ያሰረ የሰርቪስ አማካሪ ነው፤ አማካሪው ጆብ ካርድ ይሞላል፤ ካርዱ ወደ ልጁ ይመጣል። መኪናዋ ታጥባ ስትወጣ ደንበኛው እጁን የሚጨብጠው ባለ ክራባቱን ነው። ልጁን በመጀመሪያው ሰሞን ግራ ያጋባው ጸጥታው ነበር። ሞተር ከፍቶ ቆም ይላል፤ «ፖምፓው ነው» የሚል ሰው ይጠብቃል። ማንም የለም። ኮምፒውተሩ ብቻ ኮድ ይጽፍለታል፤ ኮምፒውተር ደግሞ አይከራከርም። ያለ ክርክር መሥራት እንዴት እንደሚከብድ አምቦ ያላደገ አይገባውም።

ከዚያ የሞተሪኖው ጉዳይ መጣ። ዋስትናዋ ያላለቀ መኪና አልነሳ አለች ተብላ በመጎተቻ መጣች። ልጁ ማስተሩ እንዳሠለጠነው ሞተሪኖዋን አወረደ፣ ፈታ፣ የተጣበቀውን ካርቦን አገኘ፣ አጸዳ፣ ገጠመ፣ አስነሣ። ፊቱ በርቶ ለአለቃው ሊነግር ሄደ። አለቃው ራሱን ያዘ። ለካ ዋስትና ላይ ያለ ዕቃ አይጠገንም፤ ይለወጣል። አሮጌው ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ አምራቹ ይላክልኝ ካለ ይላካል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በዚያ ነው። «አንተ ያዳንከው ሞተሪኖ ሞቷል ብለን እኮ ጽፈናል!» አለው አለቃው። ልጁ ሕይወት በመዝራቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ይህን ለማስተሩ ሲያወራለት ማስተሩ አልሳቀም። ሞተሪኖው የት እንዳለ ብቻ ጠየቀው።

በእኔ ግምት የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ነጩ ወለል አይደለም። አስመጪው ዘንድ መለወጥ ይከፈልበታል፣ አምቦ ላይ መጠገን ይከፈልበታል። በመለወጥ ያደገ መካኒክ ዕቃ ከሌለ መካኒክ አይደለም። በመጠገን ያደገው ደግሞ ዕቃ ቢኖርም መጠገኑን አይተውም፤ አዲሱን ዕቃ ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል።

ቨርጂኒያ ዲለር ቤት የሚሠራ አብሮ አደጋችን ሲደውል የሚነግረን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ለብዙዎቹ የሚከፈላቸው በመጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ተጽፏል፤ ፍላት ሬት ይሉታል። መጽሐፉ ሁለት ሰዓት ካለና በአንድ ከጨረስከው የሁለቱ ይከፈልሃል፤ ዝጎ የተጣበቀ ቡሎን አራት ሰዓት ካስፈጀህም የሁለቱ። መኪና ያልመጣ ቀን ቆመህ ብትውል መጽሐፉ አያውቅህም። የዋስትና ሥራ ሲሆን ደግሞ ሰዓቱ ይቀነሳል። በዚያ ላይ ቁልፉን የምትገዛው ራስህ ነህ፤ እንደ ስናፕ ኦን ያሉት ሻጮች በመኪና ጭነው በየሳምንቱ ጋራዡ በር ድረስ ይመጣሉ፤ በዱቤ ይሰጣሉ። ጀማሪው ገና ክሪክ ሳያነሣ ባለ ዕዳ ነው። ይህን ሥርዓት አምቦ ላይ ሳስበው የሚጨንቀኝ ሰላምታው ነው። ከብቱ ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ ማሳው ደኅና፣ ዝናቡ እንዴት ነው ሲባል ፍሬን ለመቀየር የተጻፈችው ሰዓት እዚያው ታልቃለች። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ለ«አካም ጅርታ» ደቂቃ አልመደቡም።

በቁልፍ በኩል የአዲስ አበባው አስመጪ ይሻላል፤ ሣጥኑ የድርጅቱ ነው። ማታ ማታ ግን ይቆጠራል። የጠፋ ከደመወዝ ይቆረጣል። ከሁሉም የምትጠፋው አሥር ቁልፍ ናት፤ ሞተር ውስጥ ወድቃ የሆነ ብረት ላይ ትቀመጥና ከመኪናዋ ጋር ትሄዳለች። በከተማችን የሚዘዋወሩ መኪኖች ሁሉ ሆዳቸው ቢከፈት ለአንድ ፖሊ ቴክኒክ የሚበቃ አሥር ቁልፍ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

ልጁ ጎበዝ ነበረ፤ ጎበዝ መሆኑ ደግሞ አጠፋው። ተለማማጅ፣ ረዳት፣ መካኒክ፣ ከፍተኛ መካኒክ እያለ ወጣና ደመወዙ ጣሪያ ነካ። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ሰው ቁልፍ አይይዝም። እናም ከሁሉም የተሻለ መካኒክ መሆኑ ሲረጋገጥ ቱታውን አስወልቀው ክራባት አሰሩለት፤ የሰርቪስ አማካሪ አደረጉት። ወጥ የሚጣፍጥላትን ሴት አስተናጋጆች ላይ አለቃ አድርጎ ድስቱን ትናንት ለገባች ማስረከብ ማለት ነው። አሁን መኪናዎቹን የሚሠሩት ከእሱ ያነሰ የሚያውቁ ልጆች ናቸው፤ እሱ ካርድ ሲጽፍ በመስታወቱ አሻግሮ ቁልፍ አያያዛቸውን ያይና ሄዶ ሊነጥቃቸው ይቃጣዋል። ደንበኛ «ድምፅ አላት» ሲለው «ምን ዓይነት ድምፅ?» ብሎ ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል። ያቺ ካቻቢቴ ብትኖር ምልክቱ ባላስፈለገ።

አምቦ ላይ ደግሞ ማስተሩ የሚወጣበት መሰላል ጭራሹኑ የለም። ከእሱ በላይ ያለው መኪናዋ ብቻ ናት። ከሙያው ያደጉት ጓደኞቹ ሁሉ ያደጉት ሙያውን በመተው ነው፤ አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ የአይሱዙ ግማሽ ገዛ፣ አንዱ ደላላ ሆነ። የሱቁ ባለቤት ማስተሩ ያዘዘውን ይሸጣል፤ ትርፉም ማስተሩ ከሚያገኘው የእጅ ዋጋ ይበልጣል። ባለመኪናው ለዕቃው ሳይከራከር ከፍሎ ይመጣና ለእጁ ሲሆን ሁለት ቀን ይከራከራል። ዕቃው ደረሰኝ አለው፤ እውቀቱ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ለመስቀል ወይም ለፋሲካ ሲመጣ ክራባቱን ቡራዩ ላይ አውልቆ ኪሱ ይከታል። አያድነውም። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ደጁ በመኪና ይሞላል፤ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ አይሱዙ፣ ያለ ማርሚታ የሚጮህ ባጃጅ። ያገለገለ መኪና ማስገባት በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ከተወደደ ወዲህ ያለችው መኪና የምትሞትበት መንገድ ተዘግቷል፤ ባለቤቷ ለልጁ ሊያወርሳት ነው። በዓሉን ከሥር ያሳልፋል። ክፍያው ጠላ፣ ክትፎና ምርቃት ነው። በጎን ደግሞ አዲስ መኪና የገዙት ምክር ይጠይቁታል፤ ዋስትናው እንዳይበላሽ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለሰርቪስ አዲስ አበባ ይውጡ እንደሆነ። አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ናት፤ ደርሶ መልስ 230 ያህል። አንድ ነጋዴ በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ «ለሰርቪስ ስሄድ የምጨርሰው ራሱ ሰርቪስ ይፈልጋል እኮ!» አለ።

ይኸው ነጋዴ ነው በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የመጣው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ከቻይና የሚመጡት እነዚህ ድምፅ አልባ መኪኖች እስከኛ ደርሰዋል። ነጋዴው ሲገዛ ዘይት የላትም፣ ካንዴላ የላትም፣ ፊልትሮ የላትም ተብሎ ነበር፤ እሱ የሰማው መካኒክ አያስፈልጋትም የሚለውን ነው። ጉደር ደርሶ ሲመለስ ግን ከፊት በኩል «ቋ ቋ» ማለት ጀመረች። ነገሩ የገጠመው በበዓል ነበርና የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣትን የኮድ ማንበቢያ ሰካ። ምንም ስሕተት የለም አለች። ብርቱካንማውን ገመድ ማንም እንዳይነካ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት መሆኑን፣ ልዩ ጓንትና ሥልጠና የሚፈልግ መሆኑን አስጠነቀቀ፤ ይህን ሲናገር ክራባት ያሰረ ይመስል ነበር።

ማስተሩ ሰምቶ ሲያበቃ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ከሥር የሚታይ ነገር የለም፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አንድ ልሙጥ ሳህን ነው፤ ባትሪዋ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከሥር ሲኖር ጣሪያው እንዲህ ተዘግቶበት አያውቅም። ቀስ ብሎ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ጎማው ሄደ። ካቻቢቴዋን ጠየቀ፤ ልጁን ደግሞ ጎማውን እንዲያወዛውዝ። ጆሮውን ሰጠ። «ቦልጆይንቷ ላልቷል» አለ። ባትሪው ያከበዳት መኪና የኛን መንገድ ጉድጓድ አትችለውም። ኮምፒውተሩ ያላወቀው ብረት ከብረት ሲላተም ኮድ ስለማይጽፍ ነው። ልጁ ሸሚዙን ሰብስቦ አጠገቡ ተኛና ቁልፍ ማቀበል ጀመረ፤ አንዴ ተሳስቶ ተነጠቀ።

ሂሳብ ሲደርስ ነጋዴው ዓይኑ ፈጠጠ። «ይህን ያህል? ነዳጅ የማትጠጣ፣ ዘይት የማትጠይቅ መኪና ናት እኮ!»

«እሷ አልጠየቀችህም» አለ ማስተሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ «የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ብዙ ተከራክሮ ግማሹን ከፈለ። ለቀሪው መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ቦሩ» አለና ያለ ምንም ድምፅ ሄደ።